ልጆቻችሁን በ529 ለምታስተምሩ፦ ለታክስ ባለሙያችን ምስጋናና ጥቆማ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በ529፣ ማለትም ትርፉ ለትምህርት ሲውል ታክስ በማይከፈልበት የቁጠባ አካውንት፣ ልጅ ኮሌጅ ላስገባን ብዙ ወላጆች ታክስ የምትሰራልን እህታችን ከልብ ምስጋና ይገባታል። ታክስ የሚሰራ ሞልቷል። እሷን የምንጠቁመው ኖቬምበር ላይ ራሷ ደውላ «ዘንድሮ ከ529 ስንት አወጣችሁ? ለትምህርት ቤቱስ ስንት ከፈላችሁ?» ብላ ስለምትጠይቅ ነው። ጥያቄው 1099-ኪው (ከ529 የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየው ፎርም) በፖስታ ከመጣ በኋላ ቢነሳ ዋጋ የለውም፤ ዓመቱ ተዘግቷል።

ገንዘቡ የወጣበትና ወጪው የተከፈለበት ዓመት አንድ መሆን አለበት፤ የሚቆጠረውም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር እንጂ በትምህርት ዘመን አይደለም። ችግር የሚፈጥረው የስፕሪንግ (የሁለተኛው ሴሚስተር) ቢል ነው። ዲሴምበር ላይ ከፍላችሁ ከ529 ጃንዋሪ ላይ ብታወጡ ሁለቱ በተለያየ ዓመት ይወድቃሉ። ኢንቨስትመንቱ ተሽጦ ገንዘቡ እስኪደርስ ቀናት ስለሚፈጅ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ እንድናዝ ትወተውተናለች፤ እግዜር ይስጣት።

ስሌቷ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የትምህርት ክፍያ 14,000፣ ዶርምና ምግብ 11,000፣ መጽሐፍ 1,000 ዶላር ቢሆን ድምሩ 26,000 ነው። ከታክስ ነፃ የሆነው ስኮላርሺፕ 6,000 ይቀነሳል። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳው 4,000 ይቀነሳል፤ ይህ ከኪስ ወይም በብድር ተከፍሎ ለአሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ክሬዲት (ለኮሌጅ ወጪ ተብሎ ከታክስ ላይ ለሚቀነስ ገንዘብ) የሚቀመጥ ነው። አንዱን ወጪ ለክሬዲቱም ለ529ም መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ከ529 የሚወጣው 16,000 ነው። ለ4,000ው የምትሳሳው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የመጀመሪያው 2,000 ሙሉ በሙሉ፣ ቀጣዩ 2,000 ደግሞ ሩቡ ተቆጥሮ 2,500 ዶላር ክሬዲት ያስገኛል። ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ ገቢያቸው ከ160,000 ካለፈ ክሬዲቱ እየቀነሰ ሄዶ 180,000 ላይ ይቀራል፤ ያኔ 4,000ውንም ከ529 መክፈል ነው።

20,000 ወጥቶ ቢገኝስ? ከወጣው 30 በመቶው ኢንቨስትመንቱ ያስገኘው ትርፍ ከሆነ፣ ከልክ ካለፈው 4,000 ውስጥ 1,200ው ታክስ ይከፈልበታል። በደንቡ በዚያው ላይ 10 በመቶ ቅጣት አለ፤ የበለጠው በክሬዲቱ ምክንያት ከሆነ ግን ቅጣቱ ይነሳል። ይህን ቅጣቱ በሚሰላበት ፎርም 5329 ላይ ሞልታ ታስነሳለች። ብዙ ቦታ ሳይሞላ ያልፋል፤ ሰውም የማይገባውን ይከፍላል።

ልጁ ከግቢ ውጭ ተከራይቶ ከሆነ ኪራይና ምግብ የሚቆጠረው ትምህርት ቤቱ ለኑሮ ባወጣው ግምት ልክ ነው፤ ልጁም ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት። የመኪና፣ የአውሮፕላንና የጤና ኢንሹራንስ ወጪ አይቆጠርም። ኮርስ ጥሎ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከመለሰ በ60 ቀን ውስጥ ወደ 529 ይመለስ።

ስልኳን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንልካለን። ስትሄዱ 1098-ቲ (ኮሌጁ የሚልከውን የትምህርት ክፍያ ፎርም) ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ዶርሙንም የተከፈለበትንም ቀን አያሳይም። ከተማሪው አካውንት የዓመቱን የክፍያ ዝርዝር አትማችሁ ያዙ።