ኪንግደም ከም ዴሊቨራንስ 2፦ ከስምንት ወር ጨዋታ በኋላ

ይህን ጌም መጫወት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አንዴ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን እንደገና ከዜሮ ጀምሬዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር።

ለማያውቀው፣ ታሪኩ የሚካሄደው በ1403 በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ምድር ነው። ንጉሥ ቬንስላስ በገዛ ወንድሙ በሲጊስሙንድ ተይዞ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። የምንጫወተው የቀጥቃጭ ልጅ የሆነውን ሄንሪን ነው። ድራጎን የለም፣ አስማት የለም። በ2018 የወጣውን አንደኛውን ክፍል ያልነካ ሰውም ታሪኩን ይከተላል፤ ግን በሄንሪና በወጣቱ ጌታ በሃንስ ኬፖን መካከል ያለው ጓደኝነት አንጀት የሚበላው ከዚያ ጀምሮ ለሚያውቃቸው ነው።

እኔ የምወደው የዚህን ጌም መነሻ ሰዓታት ነው። ሄንሪ ያለ የሌለውን ተዘርፎ ባዶ እጁን ይቀራል። ልብሱ ቆሽሾ ከሰው ፊት ከቀረበ ይናቃል፣ ታጥቦ ሲመጣ ያው ሰውዬ በሌላ ዓይን ያየዋል። የያዘው ምግብ ይበላሻል። እንደልብ ሴቭ ማድረግም (የደረስክበትን ማስቀመጥም) የለም፤ ወይ አልጋ ፈልጎ መተኛት፣ ወይ ከሳማና ከሌላ ቅጠል በወይን የሚቀመም መጠጥ መያዝ ያስፈልጋል። መጠጡ አልቆብኝ ጫካ ውስጥ ሦስት ሽፍቶች ሲያጋጥሙኝ፣ ለመዋጋት ሳይሆን ለመሮጥ የወሰንኩበት ጌም ይህ ብቻ ነው።

ቀጥቃጭነቱ ደግሞ ለብቻው ይነሳልኝ። አንደኛው ክፍል ላይ አልነበረም። ወናፉን ትነፋለህ፣ ብረቱ ፍም እስኪመስል ትጠብቃለህ፣ በጉጠት ይዘህ መስፉ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ከዚያ መዶሻውን በምት መጣል ነው። ምቱን ከሳትክ ሥራህ ይበላሻል፣ አንድ ቦታ ብቻ ከደበደብክም አይሆንም፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ ወደ እሳቱ ትመልሳለህ። የአባቱን ሙያ በእጁ ሲሠራ ማየት ከብዙ ንግግር በላይ ስለ ሄንሪ ይነግርሃል።

ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የምትቀጠቅጠው ጎራዴ በጣም ያዋጣል። ሃያ ሠላሳ ሰዓት ከተጫወትክ በኋላ ብር አያሳስብህም፣ ከእግር እስከ ራስ ብረት ለብሰሃል፣ እነዚያን ሦስት ሽፍቶች ዞር ብለህም አታያቸውም። ረሃቡ፣ እድፉ፣ የመጠጡ ነገር፣ ሁሉም ስም ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ማፕ ላይ ኩተንበርግን የመሰለ ትልቅ የብር ማዕድን ከተማ ስትገባ እንደ ባላገር ደንግጠህ መግባት ሲገባህ፣ እንደ ሀብታም ትገባለህ። ከተማዋ ግን ታምራለች፣ ያንን አልክድም።

ውጊያው ቀለል ብሏል። የምትመታባቸው አቅጣጫዎች ከአምስት ወደ አራት ወርደዋል፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ያልገባኝ፣ ያ ጠላትን በራሱ ምት የምትመልስበት ዋናው ዘዴ ለጎራዴ ብቻ መሰጠቱ ነው። መጥረቢያ ለሚወድ ሰው አድልዎ ነው። ብዙ ሰው ሲከብህም ዓይንህ አንዱ ላይ ተተክሎ ከኋላ ትመታለህ። የታሪኩ ማብቂያ አካባቢም እንደፈለግኩ ስዞር የኖርኩትን ሰው ለብዙ ሰዓት አንድ ቦታ ያስቀምጠኛል፣ እዚያ ጋ ተሰላችቻለሁ።

ከወጣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በነፃ ፓች (ማሻሻያ) የመጣው ሃርድኮር ሙድ፣ ማለትም ከባዱ አጨዋወት፣ ነው ወደ ጌሙ የመለሰኝ። ማፑ ላይ የት እንዳለህ አያሳይህም። ከቦታ ቦታ ዘሎ መሄድ የለም። ሄንሪ ላይ ቢያንስ ሦስት ድክመት መርጠህ ነው የምትጀምረው። ብሩን ሙሉ በሙሉ አላስተካከለውም፣ ግን መንገዱን መልሶ ሰጠኝ። ትናንት ማታ ጫካ ውስጥ ጠፍቼ ጅረቱን ተከትዬ ስወርድ መሸ፣ መጠጥ የለኝም፣ አልጋ የለም። ዛፎቹ ሳሳ ሲሉ የመጀመሪያው ማፕ ላይ ያለው የትሮስኪ ግንብ ሁለቱ ማማዎች ከሩቅ ታዩኝ። በእነሱ አቅጣጫ ሄድኩ።