ለጫካ ሥራ፦ አዲሱ የተጣበቀ ጫማ ወይስ ያገለገለው የተሰፋ?

ክረምት በመጣ ቁጥር የሥራ ባልደረቦቼ «ያን የተራራ ጫማ ስንት ገዛኸው?» ይሉኛል። ሥራችን ጅማ ዞን ውስጥ ያለውን «በለጠ-ጌራ» የተባለ ደን ወሰን እየዞሩ መለካት ነው፤ ቀይ ጭቃ፣ ሥር፣ ወንዝ። መልሴ አንድ ነው፦ ያገለገለም ቢሆን፣ ሶሉ በክር የተሰፋ የቆዳ ጫማ ግዙ።

እዚህ የደረስኩት ከስሬ ነው። ሰኔ ላይ ከጅማ መርካቶ አዲስ «የተራራ ጫማ» በ3,200 ብር ገዛሁ። ሶሉ ላይ የቪብራም ባለስምንት ማዕዘን ቢጫ ምልክት አለ። ቪብራም ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ በ1930ዎቹ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች የሠራው ጥርሳም የጎማ ሶል ነው፤ የእኔ ግን ቢጫው በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ቀለም ሆኖ ተገኘ። በሰባተኛው ሳምንት ሶሉ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በማስቲሽ ሁለት ጊዜ በ150፣ 150 ብር አስጠገንኩት። በሦስተኛው ጊዜ ጫማ ሰፊው ገልብጦ አየውና «ወንድሜ፣ ይህ መርፌ የሚይዝ ጠርዝ የለውም» አለኝ። እንዲሁ በግድ ዙሪያውን በ400 ብር ሰፋልኝ፤ አርቲፊሻል ቆዳው በወስፌው ቀዳዳ ልክ ተቀደደ። በአራት ወር 3,900 ብር፤ በወር 975 ብር ማለት ነው።

ከዚያ ከሰልባጅ ተራ ወፍራም የቆዳ ጫማ በ6,500 ብር ገዛሁ። ዋጋውን ስሰማ እጄ ተንቀጥቅጧል። እስካሁን 26 ወር ሆነው። ማሰሪያ ቀለበት በ80 ብር፣ አዲስ ሶል በ1,220 ብር ተጨምሮ 7,800 ብር ወጣበት፤ በወር 300 ብር። ሶሉ ሲያልቅ ክሩ ተፈትቶ ሌላ ይሰፋበታል፤ ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ሰልባጅ ሁሉ ግን ደህና አይደለም። ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ መሳይ ንጣፍ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ነገር ሳይለበስ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ በእርጥበት ይበሰብሳል። መልኩ አዲስ የሚመስል ጫማ በሁለተኛው ቀን ሊፈረፈር ይችላል። በአውራ ጣታችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከጣለ በ500 ብርም አትውሰዱት።

ከፊትና ከኋላ ለበረዶ ጥፍር (በረዶ ላይ ለመራመድ ሶሉ ሥር ለሚታሰር ሹል ብረት) ማሰሪያ የተበጀ ጠርዝ ያለውን ደግሞ ተዉት። ሶሉ አይታጠፍም፤ ቀኑን ሙሉ ለሚራመድ ሰው ቅጣት ነው። ውኃ የማያስገባ ገበር ያለውም አንዴ ከላይ ውኃ ከገባበት በጅማ ክረምት ቶሎ አይደርቅም።

እሳት ዳር አታድርቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። እኔ ስፌቱን የምቀባው ከጌራ ማር አምራቾች የማገኘው ሰም ነው፤ ትንሽ ዘይት ተጨምሮበት ለብ ሲል ክሩ ውስጥ ይገባል።

ያላችሁ 3,000 ብር ብቻ ከሆነስ? አስመስሎ የተሠራውን አትንኩ። በ800 ብር የላስቲክ ቦት ጫማና ሁለት ወፍራም ካልሲ ገዝታችሁ ክረምቱን እለፉበት፤ የቀረውን ለተሰፋው አስቀምጡ።