ከልጄ ቲቸር ጋር ያስታረቀችኝን መምህርት ላመስግን

ሰላም ወላጆች። ይሄን ለመጻፍ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ወር አለፈ።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። በ2017 ሰፈራችን ካዛንቺስ ሲፈርስ አምስት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ገባን፣ ትምህርት ቤትም ቀየርን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስልክ ነው። መታ፣ ነከሰ፣ ከክፍል ሮጦ ወጣ። ኮሚኒኬሽን ቡኩ በቀይ እስክርቢቶ ተሞላ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ማታ ደግሞ እቆጣዋለሁ፣ አንዳንዴም እመታዋለሁ፣ አልዋሽም። በመጨረሻ "ሌላ ትምህርት ቤት ብትፈልጉለት" ተባልን። ከቲቸሩ ጋር ሰላምታ እንኳን አቁመን ነበር።

መምህርቷን ጓደኛዬ ናት ያገናኘችኝ። ስድስት ኪሎ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረች ናት። ገና ስንገናኝ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ። ቀጥላ የድሮ ጓደኞቹ የት እንደገቡ ጠየቀችኝ። አንዱ ገላን ጉራ፣ ሌሎቹን እኔም አላውቅም። ለካ አንድ ቀን እንኳን ስለነሱ አውርተነው አናውቅም።

ከዚያ ትምህርት ቤቱን አስፈቅዳ ሁለት ቀን ሙሉ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጠች። ደብተሯን ሦስት ቦታ አስምራዋለች፤ ከመማታቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ተከተለ። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ "ከእረፍት መልስ ሰልፍ ላይ ከኋላ ተገፋ። መታ። ቢሮ ተላከ፣ ሒሳብ አመለጠው።" "ሒሳብ አመለጠው" የሚለው ጋ ስንደርስ ቲቸሩ ሳቁን ለቀቀው። ልጁ ሒሳብ አይወድም፣ እኛ ደግሞ እየቀጣነው መስሎን እያስመለጥነው ነበር።

ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ቲቸሩ 46 ልጅ ብቻውን እንደሚይዝ ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ አፈርኩ። ከእረፍት መልስ ልጄ የደብተር ክምር ተሸክሞ ቀድሞ እንዲገባ፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ግማሹን ጨርሶ እንዲያሳይ፣ ሲያስቸግርም ስሙ እየተጮኸ ከሚጠራ ቲቸሩ ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ እንዲያደርግለት ተስማማን። ትንሽ ካርድም ተሠራችለት፣ ለሰባቱ ክፍለ ጊዜ ሰባት ሳጥን። እጁን ከሰበሰበ ራይት። መጀመሪያ በቀን ሦስት ራይት ብቻ ነው የጠየቅነው። ከሞላ ማታ ከአባቱ ጋር ሩብ ሰዓት ኳስ፣ ካልሞላ ኳስ የለም፣ ግን ቁጣም የለም። እኔን የከበደኝ ይሄ ቁጣ የለም የሚለው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጭራሽ ባሰበት። እንደሚብስ አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ እዚያው እተወው ነበር። አሁን አምስት ራይት ደርሰናል፣ ስልኩም በወር አንዴ ቢጮህ ነው። መልአክ ሆነ አላልኩም፣ ባለፈው ሳምንት የአንዷን እርሳስ ሰብሯል።

ሌላው የወደድኩላት የማታውቀውን አውቃለሁ አለማለቷን ነው። "ሕመም ይሆን?" ስላት "እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ካሳሰበሽ የካቲት 12 ሆስፒታል የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አለ" አለችኝ። ሐኪሙም የቤቱን ብቻ ሰምቶ ስለማይወስን የቲቸሩን ማስታወሻ ይዘሽ ሂጂ ብላኛለች።

ቲቸሩንም አመሰግናለሁ። ትናንት ካርዱ ጀርባ ላይ "ዛሬ ሰልፍ መርቷል" ብሎ ጽፎልኛል።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክፍያዋን እንደ አቅማችሁ ትነጋገራላችሁ። ብቻ ቲቸሩ ካልተስማማ ሥራውን አትጀምርም፣ መጀመሪያ እሱን አናግሩት።