የመስታወት ሚዛኑና የኔ ሜትር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰሞኑን የሰውነት ስብ በመቶኛ ይናገራል የተባለለትን ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። ቁመናው ያምራል፣ ኪሎም አይሳሳትም። ስቡን የሚገምተው ግን በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ልኮ ነው፤ ባዶ እግር ይፈልጋል። በኛ ከተማ የጠዋት ብርድ ካልሲ አውልቆ መስታወት ላይ መቆም... እናንተው ገምቱት! ውሃ ጠጥታችሁ ስትመለሱም ቁጥሩ ሊለዋወጥ ይችላል።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። የኔው ሚዛን ስቡ የት እንዳለ አይናገርም። ለልብ ደግሞ ቦታው ወሳኝ ነው። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ያለው እምብዛም አያስፈራም። ክፉው ሆድ ውስጥ አንጀትና ጉበት አካባቢ የሚከማቸው ነው። ቅባቱን ወደ ጉበት ይለቃል፣ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ያነሳሳል፤ ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ይከተላሉ።

ከደንበኞቼ መካከል እግሩ ቀጭን፣ ቦርጩ ግን ከቀበቶ በላይ የተንጠለጠለ ሞልቷል። ኪሎው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሜትሬ ግን አያልፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወገብ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል። የሱሪ ቁጥር ግን አያታልላችሁ፤ ብዙ ወንድ የሚታጠቀው ከቦርጩ በታች ነው። የሚለካው በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መሐል ነው፣ ትንፋሽ አውጥቶ። (ጋሼ፣ ሆድዎን ይልቀቁት እንጂ!)

ኪሎ ለመከታተል ከሆነ ሚዛኑ ይገዛል። ለቦርጭ ግን ሱቄ ብቅ በሉ፤ ልኬቱ በነጻ ነው።