ሞስኮ ያለው የፑሽኪን ሐውልት፦ ዞረው ይዩት

አዲስ አበባ ውስጥ «ፑሽኪን» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው በሳር ቤት በኩል ያለው አደባባይ ነው፤ ገጣሚው ኋላ ነው የሚመጣው። በተወለደባት በሞስኮም ነገሩ ብዙ አይለይም። ወጣቱ «ፑሽኪን ጋ እንገናኝ» ተባብሎ እግሩ ሥር ይቀጣጠራል፤ ሲደርስ ግን ለሐውልቱ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ይነካካል። ጎብኚው ደግሞ ከፊት ለፊት አንድ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እንዲህ ያየው ሰው ግማሹን እንኳ አላየውም።

ክፍያ የለም፤ አደባባይ ስለሆነ ሌትም ቀንም ክፍት ነው። ፑሽኪንስካያ፣ ትቬርስካያ እና ቼኾቭስካያ የሚባሉት የሜትሮ ጣቢያዎች ሦስቱም ከሥሩ ይገናኛሉ። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ከመሬት በታች ያለው መተላለፊያ ትቬርስካያ ጎዳናን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያቋርጥ በተሳሳተው ደረጃ መውጣት ቀላል ነው። ብቅ ሲሉ ከፊትዎ በዛፍ የተሸፈነ ረጅም የእግር መንገድ ካዩ፣ አጠገቡም ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የመጀመሪያው ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተበት ቤት ካለ (ዛሬ ስሙ ተለውጧል፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የወጡት በማዶ ነው። ግን ወዲያው አይመለሱ። ሐውልቱ ከ1880 እስከ 1950 የቆመው እዚሁ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ነበር። ያኔ ከመንገዱ ማዶ ወደነበረ ገዳም ይመለከት ነበር። ገዳሙ በ1930ዎቹ ፈረሰ። በ1950 ሐውልቱን መንገድ አሻግረው በገዳሙ ወገን ተከሉት፤ ፊቱንም አዞሩት። ስለዚህ ፑሽኪን አሁን አንገቱን ደፍቶ የሚያየው ድሮ ራሱ የቆመበትን ቦታ ነው። ይህን ሳያውቁ ማዶ ለማዶ ቢያዩት አይታወቅም።

ቀራፂው አሌክሳንደር ኦፔኩሺን የገባር ልጅ ነበር። ገንዘቡ ከሕዝብ የተዋጣ ነው፤ ከ100 ሺህ ሩብል በላይ ተሰብስቧል። ኦፔኩሺን የሠራው ሰው ፈረስ ላይ አልወጣም፣ እጁን ወደ ሰማይ አልዘረጋም፣ ብዕርም አልያዘም። ካባ ደርቦ፣ ቀኝ እጁን በኮቱ ደረት ሸጉጦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያስባል። ይህ ዘንበል ማለት ለማሳመር ብቻ አይደለም። ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ የተተከለ ሐውልት ቀና ካለ ከሥር ለቆመ ሰው የሚታየው አገጩና የአፍንጫው ቀዳዳ ነው። ይህ ግን ወደ ታች ስለሚመለከት እግሩ ሥር የቆመ ሰው ፊቱን በደንብ ያገኘዋል። በዚህ ጉዳይ የተበላሹ ሐውልቶች በየአገሩ ሞልተዋል።

አሁን ወደ ኋላው ይዙሩ። ግራ እጁ ከጀርባው ነው፤ ባርኔጣውን ይዟል። ከፊት ብቻ ያየ ሰው ባርኔጣ መኖሩን አያውቅም። የካባው እጥፋትም የሚያምረው ከዚህ በኩል ነው።

በግራናይቱ መቆሚያ ጎኖች ላይ የራሱ ስንኞች ተጽፈዋል። በሩሲያኛ ብቻ ስለሆኑ ትርጉሙን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በጨካኝ ዘመን ነፃነትን እንዳወደሰ የሚናገረው ስንኝ በ1880 እዚያ አልነበረም። ወዳጁ ገጣሚ ዡኮቭስኪ ፑሽኪን ከሞተ በኋላ ግጥሙን ለማሳተም ሲል ለሳንሱር አለዝቦት ነበር፤ ነፃነቷ ወጥታ በምትኳ ስለ ግጥሙ ለዛ የሚያወሳ መስመር ገባ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውም ያ ነው። የተስተካከለው የሞቱ 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1937 ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ በስታሊን እስርና ግድያ የሚታወሰው ነው። ሳንሱርን ያየ አንባቢ ስላቁን ለማግኘት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለፎቶ ከቀትር በኋላ ይምጡ። ሐውልቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ትመጣና ነሐሱ ጥላ ብቻ ይሆናል። በታኅሣሥ ግን በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ጀንበር ስለምትጠልቅ አይዘግዩ። በጣም ከተጠጉ እግሩ ገዝፎ ራሱ ያንሳል፤ ራቅ ብለው ቢያቀርቡት ይሻላል። ልደቱ በሚከበርበት ግንቦት 29 አበባና ግጥም ንባብ ይበዛል። አበባ ከያዙ ቁጥሩን ጥንድ ያድርጉት፤ ሩሲያውያን ጎዶሎ ቁጥር የሚሰጡት በሕይወት ላለ ሰው ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥተነዋል። አንዷን ያስቀረናት ለቦታው ነው፦ ድሮ ከኋላው ዛፍ ነበር፤ ዛሬ ለሲኒማ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ሲሆን ከፊቱ ደግሞ የመኪና ጎርፍ ነው። የቅድመ አያቱን የአብርሃም ጋኒባልን ነገር እዚህ የሚፈልግ አገራችን ሰውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ትውልዱ ከመረብ አካባቢ ነው በሚሉና ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ ከሎጎን ነው በሚሉ መካከል ክርክሩ አላለቀም፤ ሐውልቱ ግን ከፀጉሩ ጥቅልል በቀር ምንም አይናገርም።

ጊዜ ካለዎት ተሻግረው ትቬርስኮይ በሚባለው በዚያ የእግር መንገድ ዛፎች ሥር 900 ሜትር ያህል ይውረዱ። መጨረሻው ላይ በ1831 ከናታሊያ ጋር የተጋባበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ከፊቱ ጥንዶቹን በጉልላት ሥር የያዘች ፏፏቴ በ1999 ተሠርታለች፤ አረፍ ለማለት ትሆናለች እንጂ ከኦፔኩሺን ሥራ ጎን የምትቆም አይደለችም።