ጋኔን ያስፈራል ወይስ ጎረቤት? ሁለት የ1973 ፊልሞች

ሐዋሳ ላይ ከጓደኛ ጋር አስፈሪ ፊልም ለማየት ስንሰበሰብ ክርክር አይጠፋም። ሃይማኖት የሚያድንበት ይሻላል ወይስ ሃይማኖት ራሱ የሚያስፈራበት? ለሁለቱም በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም አለ።

«ዘ ኤክሶርሲስት» ላይ ርኩስ መንፈስ የያዛትን ልጅ ሐኪሞች መርምረው ሲያቅታቸው ካህናት ይጠራሉ። ለእኛ ሰው ይሄ ብዙም እንግዳ አይደለም። ጸበል ቦታ የቆመ ሰው «ተቃጠልኩ! እለቃለሁ!» የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባር ላይ አድርጎ «ማን ነህ? የት ያዝካት?» ሲል ሰምቷል። ሐዋሳ ፕሮቴስታንቱም ብዙ ነው፤ እዚያም «በኢየሱስ ስም ውጣ!» አለ። እኛ ጋ ግን ነገሩ በእልልታ ያልቃል። ፊልሙ ላይ ልጅቷ ብትድንም ሁለቱም ካህናት ይሞታሉ። እምነቱ የተናጋበት አባ ካራስ መንፈሱን ወደ ራሱ ጠርቶ በመስኮት ይወረወራል።

«ዘ ዊከር ማን» ውስጥ ጋኔን የለም። አጥባቂ ክርስቲያን የሆነ ፖሊስ የጠፋች ልጅ ፍለጋ ወደ አንዲት የስኮትላንድ ደሴት ይሄዳል። ነዋሪዎቹ ሳቂታ፣ ዘፈን ወዳድ ናቸው። ምርታቸው ስለከሸፈ ግን ለአማልክታቸው መሥዋዕት ይፈልጋሉ። (መጨረሻውን ልናገርባችሁ ነው፣ ይቅርታ።) ሰው በሚመስል ግዙፍ የእንጨት ሥራ ውስጥ ከነሕይወቱ ያቃጥሉታል። እሱ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»ን ይዘምራል፤ እነሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው የራሳቸውን ይዘፍናሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ለጋኔኑ ጸበል አለ፤ ለእነዚያ ሳቂታ ሰዎች ምን ይደረጋል? ከመሸ በኋላ ብቻውን ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ግን የመጀመሪያውን አልመክርም።