የአራዳው ቅቤ ቤት፦ ቅቤውና ደጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

አራዳ ገበያ ያለው ይህ ቅቤ ቤት ስሙ ይቆየን። ሚዛኑ ልክ ነው፣ ዕቃው ንጹሕ ነው። ችግሩ ቅቤው ላይ ነው።

ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ ኮሰረትም ኮረሪማም ሳይገባበት በቀስታ እሳት ሲነጠር፣ ባዕድ ነገር ከሌለበት ወደ 400 ግራም ይወጣዋል፤ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ስስ ነው። የዚህ ቤት ቅቤ የሰጠው 310 ግራም ነው። ድስቱ ሥር የያዘው በማንኪያ ይፋቃል፤ ሽታው የተቃጠለ ቂጣ ነው። ዝቃጩን በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጦ፣ ሲቀዘቅዝ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል ማድረግ ነው። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ዱቄት ወይም ድንች ገብቶበታል። በትኩሱ ከሆነ ቀለሙ ስለሚጠፋ ያታልላል። የዚህኛው ጠቆረ። የሚረጋ የፓልም ዘይት ግን በዚህ አይያዝም፤ እሱ ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

ነገሩ በሬዲዮ ተነግሮ ደንበኛው ሲሸሽ ነጋዴው «ሳንሱር ተደረግን» የሚል ወረቀት ደጁ ላይ ለጠፈ። አልተደረገም። ሳንሱር በደርግ ጊዜ ጽሑፍ ሳይታተም በፊት ባለሥልጣን አይቶ የሚሰርዘው ነበር። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ከለከለው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ቅድመ ምርመራ ከለከለ። የታሰረው የመንግሥት እጅ ነው እንጂ የሸማቹ ቦርሳ አይደለም። እናቶች «ከዚያ ቤት አትግዙ» ቢባባሉ የነጋዴውን አፍ አልያዙም፤ ወረቀቱም ማንም ሳይነካው ይኸው ተለጥፎ አለ።

ሬዲዮው ሳያስመረምር «መርዝ ነው» ቢል ኖሮ ነጋዴው ማስተባበያ መጠየቅ ይገባው ነበር፤ ቢያስፈልግም ፍርድ ቤት። ጎረምሶች ደጁን ዘግተው ገዢ ቢመልሱም ያለመግዛት አድማ መሆኑ ይቀርና ጉልበት ይሆናል። የሚያሳዝነው ግን ነጋዴው ራሱ ፕሮግራሙ እንዲቆምለት ለቀበሌ ማመልከቱ ነው። ቀበሌው እሺ ቢለው ኖሮ፣ ሳንሱር የሚባለው ያ ነበር።

ለበዓል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ወስዶ ያንጥር። 200 ግራም ገደማ ከወጣውና ዝቃጩ ካልጠቆረ የቀረውን ከዚያው ሻጭ፣ ከዚያው ቅል ይግዛ።